ዲግሪ ያለው ባጃጅ እየነዳ እኔ ልጄን ለምን ላስተምር?

ሰላም ላንቺ ይሁን የድሬዳዋ፣ የሳቢያኗ እናት። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው፣ ያዘገየሁት ችላ ብዬሽ አይደለም፣ የልጅ ህይወት ነገር ስለሆነ ደጋግሜ ላንብበው ብዬ ነው። ሌሎቻችሁ ነገሩ እንዲገባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ እህታችን 36 አመቷ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች፣ ባለቤቷ ባጃጅ ይሰራል፣ አራት ወልዳ አንዱን ቀብራለች፣ ትልቋ ልጇ 16 አመቷ ነው 9ኛ ክፍል ናት። አሁን ጅቡቲ የሚሰራ የአባትየው የሩቅ ዘመድ ሽማግሌ ልኳል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ስራ አለው፣ ክፉ ስም የለውም። አባትየው ደግሞ ማታ ማታ የሚላት ነገር ይቺ ናት፣ «ከኔ ኋላ ተራ የሚይዘው ልጅ በአካውንቲንግ የተመረቀ ነው፣ እሱም ባጃጅ እኔም ባጃጅ፣ 12ኛ ክፍልንስ ማን ያልፈዋል፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለች?»

እሷ ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፣ «ልጁ መጥፎ አይደለም፣ ባሌም መጥፎ አይደለም። እኔ 5ኛ ክፍል ያቆምኩ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ ምን ብዬ ልመልስለት? እውነት ደሞዝ ካላመጣ ትምህርት ምን ይጠቅማል? ልጄ እንዳታይብኝ ተደብቄ ነው የጻፍኩት፣ ፊደሌ ስለማያምር ይቅርታ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ባልሽ ውሸት አልተናገረም፣ ይሄን ልቀበልለት። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 845 ሺ ገደማ ልጆች 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ከመቶ ሶስት ሰው በይው። ያንን የሰማ አባት ተስፋ ቢቆርጥ አልፈርድበትም። ተመርቆ ስራ ያጣ ልጅ ደግሞ ከዚራም መጋላም ነምበር ዋንም ሞልቷል፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፣ እናቱም አይኑን ማየት ከብዷታል። ስለዚህ «ተማሪ ስራ ታገኛለሽ» የሚል መልስ ይዘሽ እንዳትገቢ፣ ባልሽ በአንዲት አረፍተ ነገር ይረታሻል።

ግን እሱ እየቆጠረ ያለው ደሞዝ የሚገባበትን ኪስ ብቻ ነው። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ሌላውን ኪስ መቁጠር ከጀመሩ ብዙ አመት ሆኗቸዋል፣ ማለትም የተማረች ሴት ስንት አመቷ ላይ ታገባለች፣ ስንት ትወልዳለች፣ ከወለደቻቸው ስንቱ ያድጋሉ፣ ሲታመሙባት ምን ታደርጋለች የሚለውን። እዛ ኪስ ውስጥ ደግሞ ለዲግሪ ሳይደረስ ብዙ ነገር ይገባል። እኔ ዛሬ ልነግርሽ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው።

አሁን ባልሽ ብልህ ሰው ከሆነ (ከጻፍሽው ብልህ ይመስለኛል) ወዲያው የሚጠይቅሽ ጥያቄ አለ። «የተማሩ ሴቶች ልጆቻቸው ጤነኛ የሆኑት ሀብታም ቤት ስለተወለዱ ይሆናል እንጂ ትምህርቱ ምን አደረገ?» ይልሻል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ተመራማሪዎቹም ለረጅም ጊዜ ያስጨነቃቸው እሱ ነው። መውጫ ያገኙት እንዴት መሰለሽ፣ ኢንዶኔዢያ መንግስት የነዳጅ ገንዘብ ሲገባለት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጥቂት አመት ውስጥ ከ61 ሺ በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰራ። እንግዲህ አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች አሉ እንበል፣ ድህነታቸው አንድ፣ ጎረቤት ናቸው፣ አንዷ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እድሜዋ አልፏታል፣ ሌላዋ ገና ለአንደኛ ክፍል ደርሳለች። ማንም መርጦ አይደለም፣ የተወለዱበት አመት ነው የለያቸው። አስቴር ዱፍሎ የምትባል ኢኮኖሚስት (ኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል ከተሸለሙት ሶስቱ አንዷ ናት) እነዚህን ሁለት አይነት ልጆች እያነጻጸረች ትምህርቱ ብቻውን ያመጣውን ለየችው፣ ከሌላ ባልደረባዋ ጋር ሆና ደግሞ ወደ ጋብቻውና ወደ ልጆቹ ሄደች። የሚስት ትምህርት ጋብቻንና የመጀመሪያ ልጅን ያዘገያል፣ የወላጆች ትምህርት ደግሞ የሚሞቱ ህፃናትን ይቀንሳል፣ እዚህ ላይ የአባትየውም ትምህርት ከእናትየው እኩል የሚያህል ድርሻ ነበረው። ይሄን የመጨረሻውን ለባልሽ ንገሪው፣ ታናናሾቿ ወንዶች ናቸው ብለሽኛል አይደል፣ የነሱም ደብተር በዚሁ ሂሳብ ውስጥ ነው።

ኢንዶኔዢያ ሩቅ ነው ካለሽ የኛኑ ልንገርሽ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲው ሲወጣ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ቀረ፣ ህፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። ያኔ ለትምህርት የደረሱትንና ያመለጣቸውን ሴቶች ያነጻጸረ ጥናት አለ፣ ያገኘው ነገር አንድ አመት ተጨማሪ ትምህርት ከ20 አመት በፊት የመውለድን እድል በ7 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ያህል (ከመቶ ሴት በሰባት ያህል በይው) ይቀንሳል ነው። አንድ አመት! ሶስት አራት አመት ሲጨመር ምን እንደሚያህል አስቢው። እና ቆይ፣ አንቺ አሁን 36 ከሆንሽ ፖሊሲው ሲወጣ የአራት አምስት አመት ልጅ ነበርሽ ማለት ነው፣ ማለትም ጥናቱ የሚያወራው ስላንቺ ትውልድ ነው። አንቺ የገባሽው በሩ በተከፈተበት ሰሞን ነው፣ 5ኛ ላይ ወጣሽ እንጂ።

እዚህ ላይ የተቆጣሁብሽን ልናገር። «ያልተማርኩ ሴት» ብለሽ ስለራስሽ የጻፍሽው አሳዘነኝ፣ ደብዳቤውን ማን ጻፈው ታዲያ? ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ባልሽን ሳትሰድቢ፣ የልጁን ጨዋነት ሳትደብቂ፣ ጥያቄሽን መጨረሻ ላይ ጥርት አድርገሽ። ገጠር ፓኪስታን ውስጥ የተሰራ ጥናት አለ፣ እዛ ያሉት እናቶች ብዙዎቹ ጭራሽ ያልተማሩ ናቸው፣ የተማሩትም ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፣ ግን ትንሽም ቢሆን የተማረች እናት ያላቸው ልጆች ካልተማረችዋ ልጆች ይልቅ ቤት ውስጥ በቀን 72 ደቂቃ በልጠው ያነባሉ ያጠናሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። አንቺም «ማታ ማታ የቤት ስራቸውን ሳላይ አልተኛም፣ ባይገባኝም አያለሁ» ብለሻል፣ እሷ 5ኛ ክፍልሽ ናት እየሰራች ያለችው።

የእናቴን ነገር ልንገርሽና ወደ ጉዳዩ እመለሳለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ ስድስት አመቴ ይሆናል፣ ታናሽ ወንድሜን ሌሊቱን ሙሉ አተኮሰው፣ በማግስቱ ሽሮፕ ታዞለት ይዛ መጣች። መድሃኒት ቤት የነገሯትን እቤት እስክትደርስ ድንጋጤው አስረሳት፣ ግማሽ ማንኪያ ይሁን ሁለት ማንኪያ፣ በቀን ሶስቴ ይሁን አንዴ። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል እኮ፣ በእጇ ይዛዋለች፣ ግን ለሷ ግድግዳ ነው። ልጁን አዝላ ጠርሙሱን ይዛ በዛ የድሬ ፀሐይ ግቢ ለግቢ ዞረች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ፣ አራተኛው ቤት ላይ ልብስ የምታጥብ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ተገኘች፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ግማሽ ማንኪያ፣ ጠዋትና ማታ» ብላ አነበበችላት። ያቺ ልጅ ዲግሪ የላትም፣ ደሞዝ የላትም፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። የዛን ቀን ለቤታችን ከሷ የበለጠ የሚያስፈልግ ሰው አልነበረም።

ሞሮኮ ላይ አንድ ኢኮኖሚስት ይሄንኑ ነው በቁጥር ያገኘው፣ የተማሩ እናቶች ልጆች ለምን ይጠነክራሉ ብሎ ጠየቀ፣ ትልቁ ምክንያት የጤና እውቀት ሆኖ አገኘው፣ የሚገርመው ግን እውቀቱን ትምህርት ቤት አይደለም የተማሩት፣ ትምህርት ቤት የሰጣቸው ማንበብና መቁጠር ነው፣ በሱ ደግሞ በኋላ ራሳቸው ሌላውን ፈልገው አገኙት። እኔ ይሄ ሲነገረኝ ትዝ ያለኝ ዴንጊ የሚሉት በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬ ላይ ዴንጊ ሲገባ ማናችንም ስሙን አናውቀውም ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉኒያ መጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ መገጣጠሚያውን ይዞ ተኛ። የትኛውንም ክፍል ላይ አልተማርነውም። ትንኟ እንደ ወባዋ በማታ ሳይሆን በቀን እንደምትነክስ፣ ንፁህ ውሃ ላይ እንደምትራባ፣ ማለትም እኛ ውሃ ስለሚጠፋ በየቤቱ የምንሞላው በርሜል ውስጥ፣ ዴንጊ ከሆነ ደግሞ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ደም ሊያስፈስስ ስለሚችል ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንደሚሻል፣ ይሄን ሁሉ በወረቀትም በስልክም ስትሰሚ የቱን አምነሽ የቱን እንደምትተዪ የሚያግዝሽ ያቺው ሳትጨርሻት የወጣሽው ትምህርት ናት። የሚቀጥለው በሽታ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል፣ ልጅሽ ያኔ እናት ሆና ይሆናል፣ ምናልባትም ጅቡቲ፣ ምናልባትም አንቺ በሌለሽበት።

ይሄ ብዙ ነገር ነው እንጂ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2009 በ175 አገር ያለውን አይቶ የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ 5 አመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበሩ ህፃናት በ8.2 ሚሊዮን ቀንሰው ነበር፣ አጥኚዎቹ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ያህል ከሴቶች ትምህርት ጋር አያይዘውታል። ይሄኛው እንደ ኢንዶኔዢያው ምክንያቱን ነጥሎ አያሳይም፣ ግን ስፋቱን ያሳይሻል። አንድ ልጅ የቀበርሽ እናት ስለሆንሽ ይሄን ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል። ልጅሽን ያጣሽው ባለመማርሽ ነው አላልኩም፣ ማንም እንዲህ ሊልሽ አይችልም፣ ጥናቶቹም ስለ ሚሊዮኖች እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይናገሩም።

አሁን ደግሞ ሳልደብቅ ሌላውን ወገን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ባልሽ በሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማ ይሻላል። ትምህርት ሁሉ ቦታ አንድ አይነት አይሰራም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1947 ልጆች ትምህርት ማቆም የሚችሉበትን እድሜ ከ14 ወደ 15 አደረጉት፣ በ1972 ደግሞ ወደ 16፣ ብዙ ህዝብ አንድ አመት ተጨማሪ ተማረ፣ ኋላ ሲታይ ግን እድሜያቸው ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። እኔ እንደሚመስለኝ እዛ ንፁህ ውሃውም ክትባቱም ለተማረውም ላልተማረውም እኩል ስለሚደርስ ያቺ አንዷ አመት የምትጨምረው ጠፋ። እኛ ጋ ግን ክትባቱ የት እንደሚሰጥና መቼ እንደሆነ ካርዱን አይቶ መቁጠር ያለበት የቤት ሰው ነው፣ ለዛ ነው ልዩነቱ የሚሰፋው። ደግሞ መቀመጥ ብቻ መማር አይደለም፣ ልጅቷ ክፍል ገብታ ምንም ሳይገባት የምትወጣ ከሆነ ያ ሌላ ችግር ነው፣ እሱንም እናየዋለን።

የ12ኛ ክፍሉን ስጋት የሚመልስ ደግሞ ጋና አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት አልፈው ገንዘብ ላጡ ልጆች ስኮላርሺፕ በእጣ ተሰጠ፣ 682 ልጆች ደረሳቸው፣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ከአስር አመት በላይ ተከታተሏቸው። እጣ ነው፣ ሀብታም ድሃ የለውም። የደረሳቸው ሴቶች ዘግይተው ወለዱ፣ ያልፈለጉት እርግዝና ቀነሰላቸው፣ የነሱ ልጆችም በህይወት የመቆየት እድላቸው የተሻለ ሆነ። (እዚህ ላይ ግን ለልጆቹ ለውጡ የታየው በእናቶች በኩል ነው፣ አባቶቹ ላይ እንደ ኢንዶኔዢያው አልታየም፣ ጥናት ሁሉ አንድ አይነት አይናገርም።) ስኮላርሺፑ ለዩኒቨርስቲ አይደለም እህቴ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ነው። ቦትስዋናም እንዲሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የሁለተኛ ደረጃን አደረጃጀት ቀይረው ብዙ ልጅ 10ኛ ክፍል እንዲደርስ ሲያደርጉ እያንዳንዱ ተጨማሪ አመት ኤችአይቪ የመያዝን እድል 8 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ያህል ቀነሰ። ልጅሽ አሁን 9ኛ ናት፣ ልታቋርጥ የተባለችው ልክ እዛ ቦታ ላይ ነው። 12ኛን ብታልፍ እሰየው፣ ባታልፍም እነዚህ ሶስት አመታት በከንቱ አልሄዱም፣ ቴክኒክና ሙያም አለ፣ የራሷ ንግድም አለ።

እሺ ምን ታደርጊ። ባልሽን ሽማግሌው ባለበት ወይ ልጆቹ በሚሰሙበት አታዋሪው። ስራ ውሎ ሙቀቱ በርዶ ራቱን ከበላ በኋላ ቁጭ በሉ፣ «ተሳስተሃል» ብለሽም አትጀምሪ፣ «ስለ ስራው ያልከው እውነት ነው» ብለሽ ጀምሪ። የምትጠይቂው ደግሞ እምቢ እንዲል አይደለም፣ እንዲቆይ ነው። ልጁ እንዳልሽው ጨዋ ከሆነ ሁለት አመት ምን አላት፣ ጅቡቲ በባቡር ደርሶ መልስ ነው፣ ካልጠበቀ ደግሞ ያኔ ሌላ ነገር አውቃችኋል ማለት ነው። ከዛ በላይ ግን ህግ አለ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ህግ ሴትም ወንድም 18 አመት ሳይሞላ ጋብቻ የለም ይላል፣ የወንጀል ህጉም ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ማግባትን በእስራት ይቀጣል፣ ድሬ ደግሞ የፌደራሉ ህግ ነው የሚሰራው። ይሄን ባልሽን ለማስፈራራት አትጠቀሚበት፣ ቤት ይረብሻል። ለሽማግሌዎቹ ግን እሱ ራሱ እንዲለው ንገሪው፣ «ህጉ አይፈቅድልኝም፣ 18 ይሙላት» ካለ ማንም አይቀየመውም፣ የዘመድ ፊትም አይጠፋም። መከበሪያ መውጫ ስጪው እላለሁ፣ አባቶች ብዙ ጊዜ የሚያጡት እሱን ነው።

ካቃተሽ የሱን ታላቅ እህት ያዢ፣ «የምታከብረኝ እሷ ናት» ብለሽኛል፣ አክስት በዚህ ጉዳይ ከእናት በላይ ትሰማለች። እሱም ካልሆነና ነገሩ በግድ ሊሆን ከመሰለሽ ቀበሌ ያሉት የሴቶችና ህፃናት ሰዎች ጋ ሂጂ፣ ያን ጊዜ ይሉኝታ አያዋጣም። የ16 አመት አካል ለመውለድ ገና ነው፣ ሐረር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የተከፈተው ምጥ በዝቶባቸው ለተጎዱ ሴቶች ነው፣ ከነሱም ውስጥ ልጅ እያሉ የተዳሩ ብዙ ናቸው።

ከባልሽ በፊት ግን ልጅቷን አናግሪያት። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ተናግሯል፣ እሷ ብቻ «አላውቅም» ከማለት ሌላ ድምጽ የላትም። ሂሳብ ከብዷት ነው? ክፍል ውስጥ የሚያስፈራት ነገር አለ? የወር አበባዋ ሲመጣ ትቀራለች? ዩኒፎርሟ አርጅቶ ታፍራለች? በተለይ የመጨረሻዋን አትናቂያት፣ ምዕራብ ኬንያ ውስጥ በ328 ትምህርት ቤቶች በተሰራ ሙከራ ለ6ኛ ክፍል ልጆች ነፃ ዩኒፎርም ብቻ ሲሰጣቸው በሶስት አመት ውስጥ ያረገዙ ሴት ልጆች ከመቶ 16 ወደ 13 ወረዱ፣ አንድ ዩኒፎርም ስድስት ዶላር ገደማ ነበር የሚያወጣው። ከአባላዘር በሽታ ግን አላዳናቸውም፣ ስለዚህ ስለሱ ደግሞ አንቺ ራስሽ በግልጽ ልታወሪያት ይገባል። ትምህርቱ ካልገባት ሆምሩም መምህሯን ሄደሽ አግኚ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠና ሰው ጠይቂ፣ ከባልሽ ኋላ ተራ የሚይዘው ያ የአካውንቲንግ ልጅ አለልሽ አይደል፣ ሂሳብ እሱ ያስጠናት፣ አንቺ ባለሽበት ግቢ ውስጥ፣ የሻይና የሳምቡሳ ሂሳቡን ትተዪለታለሽ። ባልሽም የዛን ልጅ ዲግሪ ምን እንደሚሰራ በአይኑ ያያል።

እና ያቺን የደበቅሽባትን ደብዳቤ መጀመሪያ የጻፍሽበት ወረቀት ካለ ለልጅሽ ስጫት ታንብበው። ፊደሉ ያምራል፣ እኔ አንድም ቦታ ላይ አልተደናቀፍኩም።